ከቪ ዋን በፊት፦ ምስክርነት ከጅማ

ጌታ ስሙ ይባረክ! ይህን የምንመሰክረው ጅማ ውስጥ በአውሮፕላን ሥራ ላይ ያለን የአንድ ጸሎት ቡድን አባላት ነን።

ወደ አዲስ አበባ ሊበር የነበረ ኪው 400 የተባለ ባለ ሁለት ሞተር የፕሮፔለር አውሮፕላን እየተንደረደረ ሳለ ርግቦች ግራ ሞተሩ ውስጥ ገቡበት። ካፒቴኑ መነሳቱን አቋረጠ፤ ሁሉም በሰላም በእግሩ ወረደ። “ከመሬት ያልተነሳ አውሮፕላን ምን ምስክርነት አለው?” ያሉን አሉ።

እኛ ወፍ አይምጣ ብለን አንጸልይም። ከዝናብ በኋላ ትሉ ይወጣል፣ ሣሩ ዘር ያፈራል፣ የገበሬው እህል ይደርሳል፤ ወፍ የት ይቀራል? ጸሎታችን “ከመጣም ከቪ ዋን በፊት ይሁን” የሚል ነው።

ቪ ዋን አብራሪዎቹ ለእያንዳንዱ በረራ የሚያሰሉት ፍጥነት ነው። ክብደት፣ ሙቀት፣ ነፋስ፣ የማኮብኮቢያው ርዝመትና እርጥበት ይገባበታል፤ አስፋልቱ ዝናብ የመታው ከሆነ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ከዚያ በፊት ሞተር ቢታመም ይቆማል። ካለፈ ግን አንድ ሞተር ቢጠፋም መነሳት ነው፤ ለመቆም የቀረው አስፋልት አይበቃማ። ረዳት አብራሪው “ቪ ዋን” ሲል ካፒቴኑ እጁን ከኃይል መቆጣጠሪያው ላይ የሚያነሳው ለዚህ ነው።

ጅማ ደግሞ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በ15 በመቶ ያህል ይሳሳል። የፍጥነት መለኪያው 100 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት የሚለካበት አሃድ ነው) ሲያሳይ አውሮፕላኑ መሬት ላይ የሚሮጠው ወደ 110 ነው። ፍሬኑ ላይ የሚያርፈው ጉልበት በዚህ ብቻ ከአምስት አንድ እጅ ይጨምራል።

የባሕር ዳሩን የሚያስታውስ ሰው ነገሩን አይንቀውም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ወደ አስመራ የሚበር ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ሲነሳ፣ ልክ መነሻ ፍጥነቱ ላይ እንደደረሰ የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገባ። ጥቂት ከፍታ አገኘ፤ ሊመለስ ሲዞር ግን ሞተሮቹ ጠፉ። ጎማ ሳይዘረጋ በሆዱ አረፈ፣ እሳት ተነሳ፤ ከ104 ሰው 35ቱ አለቀ።

ሰው “አንዲት ርግብ?” ይላል። ርግቧ ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከሩትን የፊተኞቹን ብሌዶች፣ ማለትም ስስ የብረት ምላጮች፣ ታጣምማለች። የተጣመመ ብሌድ አየሩን በደንብ አይጨምቀውም፤ አየሩ ወደ ፊት ሲመለስ ሞተሩ ድው! ድው! ይላል። ነዳጁ ግን መፍሰሱን አያቆምም፤ ሙቀቱ ጣሪያ ይነካል፣ የኋለኞቹ ብሌዶች ይጎዳሉ። ክፋቱ፣ ሞተሩ ወዲያው ላይጠፋ ይችላል፤ ትንሽ ጎትቶ፣ አሳምኖ ነው የሚከዳው።

የጅማው ላይ መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነበር። የተሳፋሪው ክፍል አየር ከሞተሩ ስለሚቀዳ የተቃጠለ ላባና ሥጋ ሸተተ። የግራው ሞተር ቶርክ፣ ማለትም ፕሮፔለሩን የሚያዞርበት ጉልበት፣ ሲወርድ ካፒቴኑ ኃይሉን ወደ ታች ሳበ፣ የፕሮፔለሩ ብሌዶች ለነፋሱ ጠፍጣፋ ዞረው እንደ ፍሬን ያዙት፤ ቀሪውን በእግር ፍሬኑ ጨረሰው።

እንዲህ ከቆመ በኋላ ወደ ጎማው በጎን አይኬድም፤ ከፊት ወይም ከኋላ ነው። የጋለ ጎማ ከፈነዳ ስብርባሪው ወደ ጎን ነው የሚወረወረው። ጎማው ላይ በሙቀት የሚቀልጡ መተንፈሻዎች አሉ፤ ናይትሮጅኑን ቀስ ብለው ያወጡታል። የፓርኪንግ ፍሬንም አይያዝም፣ ይጣበቃል፤ ጎማው በእንጨት ታኮ ይደገፋል።

ሞተሩ በቦርስኮፕ፣ ማለትም ጫፉ ላይ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ሲታይ የሦስት ብሌዶች ጠርዝ እንደ ወረቀት ጥግ ታጥፏል። መነሳቱ ሲቋረጥ የተመዘገበው ፍጥነት ከቪ ዋን በ4 ኖት ያንስ ነበር። አንድ ሰከንድ ገደማ ማለት ነው። እልል ያልነው ለዚያች 4 ኖት ነው።