ወንፈል ጣና ዳር

እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ልጻፈው።

አራት ሆነን ለአንድ የቁጠባና ብድር ማህበር ሲስተም እየሠራን ነው፣ ወለድ ማስያው የኔ ድርሻ ነው። ማክሰኞ ዕለት ሂሳቡ ጳጉሜ ላይ ሲደርስ ይበላሽብኝ ጀመር፣ ለካ የተጠቀምኩት ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ) 12 ወር ብቻ ነው የሚያውቀው፣ የኛዋ 13ኛ ወር ደግሞ 5 ቀን ናት፣ በአራት ዓመት አንዴ 6 ትሆናለች። ለማንም ሳልናገር ሁለት ቀን ታገልኩ፣ የተሰጠኝን ሥራ ይዤ ሰው ማስቸገር ነውር መስሎኝ።

ትላንት አመሻሽ ላይ ሞባይል አፑን የሚሠራው ልጅ ፊቴን አይቶ "ምን ሆነሻል? ነይ እስቲ አብረን እንየው" አለኝ። ማንም አላዘዘውም እኮ! ሐይቁ ዳር ቡና የሚፈላበት ቦታ ላፕቶፓችንን ዘርግተን ተቀመጥን፣ ታንኳዎቹ እየተመለሱ ነበር፣ ኔት የለም። ግን ጊት ላይ (የኮድ ለውጥ መዝግቦ የሚይዝ ፕሮግራም ነው) የኮዱ ሙሉ ታሪክ እያንዳንዳችን ጋር ስላለ፣ በስልኬ ሆትስፖት ሁለቱን ላፕቶፕ አገናኘንና ብራንቼን፣ ማለትም እኔ ለብቻዬ የምሠራበትን የኮዱን መስመር፣ በቀጥታ ከኔ ላፕቶፕ ወደሱ ፑል አደረገው። ሊኑስ ቶርቫልድስ በፈረንጆቹ 2005 ጊትን የሠራው በየአገሩ ተበትነው ሊነክስ የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለሚሠሩ ሰዎች እንደሆነ አውቅ ነበር፣ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን ትላንት ነው።

ኮዱን ዝም ብሎ አነበበና "አንቺ ወር ነው የምትቆጥሪው፣ ቀን ቁጠሪ" አለኝ። በቃ! ሁሉንም ቀን ወደ ተራ ቁጥር ቀየርነው፣ ወለዱን በመሃል ባለው የቀን ብዛት አሰላነው፣ ወደኛ አቆጣጠር የምንመልሰው ስክሪን ላይ ሲወጣ ብቻ ሆነ። ለሁለት ቀን ያሰረኝ ነገር በአንድ ሰዓት አለቀ።

አባቴ ገጠር እያለ ጤፍ ሲደርስ ወንፈል ይገቡ ነበር፣ ዛሬ የኔን ያጨደልኝን ነገ የሱን አጭድለታለሁ፣ ደብተር ላይ አይጻፍም ግን ማንም አይረሳውም። የኛም እንደዛው ነው፣ ማን ምን እንደሠራ የሚታይበት ታስክ ቦርድ ላይ ግን አይታይም፣ እሱ ያሳለፈው ማታ የትም አልተመዘገበም፣ ይሄ በጣም ያንገበግበኛል። ስለዚህ ለውጡን ጊት ላይ ስመዘግብ ኮሚቱ ላይ የሱንም ስም ከኔ ጋር አስገባሁ።

የሱ አፕ ደግሞ ኔት ሲቆራረጥ አንዱን ክፍያ ሁለቴ ይመዘግባል አሉ፣ ሳምንቱን ሙሉ ብቻውን ይዞታል። ቅዳሜ ጠዋት እዛው ቦታ ተቀጣጥረናል።