ለመጀመሪያ የቮልስ ሞተር እድሳት የትኛው ዕቃ ይቅደም?

አሮጌ ቮልሱን ለማደስ የተነሣ ሰው ሞተሩ ገና ሳይወርድ ስለ ካርቡሬተር (ነዳጁን ከአየር ጋር ስለሚቀላቅለው ዕቃ) መጠየቅ ይጀምራል። ሁለት ዌበር ካርቡሬተር ይገባበታል ወይ፣ ስንት የፈረስ ጉልበት ይጨምርለታል፣ አራቱን የጭስ ቱቦ አንድ ላይ የሚያገናኘው ማርሚታስ ምን ያህል ያግዘዋል ይላል። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ሆኖም ካርቡሬተሩም፣ ማርሚታውም፣ ስፒንተሮጀኖውም (ለየሲሊንደሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው) ሞተሩ ከተገጠመ በኋላ ባለቤቱ ገንዘብ ባገኘ ጊዜ ሊቀየሩ የሚችሉ ዕቃዎች ናቸው። ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ)፣ ብሮንዚኖቹ (ኮሎው የሚዞርባቸው ማረፊያዎች)፣ ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ዘንግ) እና ፑንቴሪያዎቹ (የካምሻፍቱን ግፊት ወደ ቫልቮቹ የሚያስተላልፉት) ግን የብሎኩ ሁለት ግማሾች ካልተለያዩ በቀር እጅ አይደርስባቸውም፤ እነሱን እንደገና ለመንካት ሞተሩን አውርዶ እስከ መጨረሻው መፍታት ያስፈልጋል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞተር የሚያድስ ሰው በጀቱን አስቀድሞ ብሎኩ ሲዘጋ ከውስጥ ተቆልፈው ለሚቀሩት ዕቃዎችና ለቶርኖ ሥራው እንዲመድብ፣ ከውጭ የሚታሰሩትን ደግሞ ለኋላ እንዲያቆይ አጥብቄ እመክራለሁ።

ከሁሉ በፊት የያዝነው ሞተር የቱ እንደሆነ ማረጋገጥ ይገባል። በሀገራችን ያሉ ቮልሶች ለረጅም ዓመታት ሞተር ሲቀያየርላቸው የኖሩ በመሆናቸው በሊብሬው ላይ የተጻፈው ከኋላ ከተቀመጠው ሞተር ጋር ላይገናኝ ይችላል። ከዲናሞው መቆሚያ ሥር በብሎኩ ላይ የተመታው ቁጥር በዲ ፊደል ከጀመረ ሞተሩ 1200፣ በኤፍ ከጀመረ 1300፣ በኤች ከጀመረ 1500፣ በኤዲ ወይም በኤኢ ከጀመረ ደግሞ 1600 ነው። የ1200ው ሲሊንደር ስፋቱ 77 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 64 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ሌሎቹ ሁሉ ምልልሱ 69 ሚሊ ሜትር የሆነ ኮሎ አላቸው፤ የ1600ው የሲሊንደር ስፋት 85.5 ሚሊ ሜትር ነው። ኃይል ለመጨመር ያሰበ ሰው 1200 ሞተር ይዞ ከሆነ በእሱ ላይ ብዙ ገንዘብ ከማፍሰስ ይልቅ ደህና የ1600 ብሎክ ቢፈልግ ይሻለዋል።

ቀጥሎ የሚታሰበው የምንነዳበት ቦታ ከፍታ ነው። የውጭ ካታሎጎች የሚሰጡት የጉልበት ቁጥር በባሕር ወለል ላይ የተለካ በመሆኑ እዚህ እንዳለ ሊወሰድ አይችልም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሲሆን የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በፋብሪካው ልኬት 50 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 1600 ሞተር እዚህ ሲሠራ ጉልበቱ ወደ 38 ያህል ይወርዳል ማለት ነው። ጉድለቱ የመጣው ሲሊንደሩ በየምልልሱ የሚስበው አየር በማነሱ ስለሆነ፣ መፍትሔው የሲሊንደሩን ይዘት በመጠኑ ማሳደግና የመታመቅ ምጣኔውን (ፒስተኑ የሳበውን አየርና ነዳጅ ስንት እጥፍ እንደሚያምቀው) በጥንቃቄ ከፍ ማድረግ ነው። ቮልስ ውኃ የሌለው፣ በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ ሞተር መሆኑም መዘንጋት የለበትም፤ ያው የሳሳ አየር ጉልበቱን ብቻ ሳይሆን ማቀዝቀዣውንም ይቀንስበታል።

ወደ ሲሊንደሩ ስንመጣ፣ በ1600 ብሎክ ላይ ያለ ምንም የቶርኖ ሥራ የሚገቡት ባለ 87 ሚሊ ሜትር ሲሊንደሮች ሞተሩን 1641 ሲሲ ስለሚያደርሱትና ወጪ ስለሚቆጥቡ ብዙ ሰው ይመርጣቸዋል። እኔ አልመክራቸውም። በነበረው ቀዳዳ እንዲገቡ ሲባል ግድግዳቸው ስለሳሳ ሙቀት ሲበረታባቸው ክብነታቸውን ያጣሉ፤ ያን ጊዜ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) በደንብ መግጠም ያቅተዋል፣ ሞተሩም ዘይት መብላት ይጀምራል። እንጦጦን በሁለተኛ ማርሽ ለሚወጣ መኪና ግድግዳው ወፍራም የሆነውን 85.5 ይዞ መቆየት፣ ወይም አቅም ካለ ብሎኩንና ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን ክዳን) አስፍቶ 90.5 በማስገባት 1776 ሲሲ ማድረስ የተሻለ ነው።

የመታመቅ ምጣኔውን በሻጩ ቃል ሳይሆን በራስ ልኬት መወሰን ያስፈልጋል፤ ሥራው ትዕግሥት እንጂ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ቴስታታው ቫልቮቹና ካንዴላው (የእሳት ብልጭታ ሰጪው) እንደተገጠሙለት ተገልብጦ ደልደል ብሎ ይቀመጣል፤ የሚለካው ጎድጓዳ (ነዳጁ የሚቃጠልበት ቦታ) ጠርዙ ግሪስ ተቀብቶ መካከሉ በተበሳ ጠፍጣፋ የጠራ ፕላስቲክ ይከደናል፤ ከዚያም ከፋርማሲ በተገዛ ትልቅ ስሪንጅ ቀጭን ዘይት በቀዳዳው በኩል ይገባል። የአየር አረፋ ሳይቀር እስኪሞላ ድረስ የገባው መጠን የጎድጓዳው ይዘት ነው፤ አራቱም ጎድጓዶች እኩል ሊሆኑ ይገባል። የ1600ው አንድ ሲሊንደር 396 ሲሲ ይይዛል። ጎድጓዳው 50 ሲሲ ቢሆንና ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከሲሊንደሩ አፍ 1.5 ሚሊ ሜትር ቢቀረው፣ በዚያ ክፍተት 8.6 ሲሲ ስለሚቀር ምጣኔው 7.8 ለ1 ገደማ ይሆናል፤ ክፍተቱ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ሲጠብ ደግሞ 8.1 ይደርሳል። ክፍተቱን ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ማውረድ ፒስተኑ ከቴስታታው ጋር እንዲጋጭ በር ይከፍታል። መኪናው ከአዲስ አበባ የማይወጣ ቢሆን ኖሮ ምጣኔውን ወደ 8.5 ማስጠጋት ይቻል ነበር። ነገር ግን የእኛ መንገድ ወደ አዋሽ ሲወርድ ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር ዝቅ ይላል፤ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። አዲስ አበባ ላይ በሰላም ይሠራ የነበረ ሞተር እዚያ በሙሉ ጭነት ማንኳኳት (ነዳጁ ያለ ሥርዓት መፈንዳት) ሊጀምርና ፒስተኑን ሊበሳ ይችላል። በዚህ ምክንያት የራሴን 1600 ከ8.1 አላሳለፍኩትም።

ካምሻፍት ላይ የሚደረገው ምርጫ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ የሞተሩን ጠባይ ይወስናል። ጀማሪዎች በብዛት የሚገዙት ኤንግል የተባለው ፋብሪካ የሚሠራው ደብሊው 110 ካምሻፍት ቫልቩን በካታሎግ ልኬት 284 ዲግሪ ያህል ከፍቶ የሚያቆይ ሲሆን፣ ደብሊው 100 የሚባለው ታናሹ 276 ዲግሪ ነው። ቫልቭ ረጅም ጊዜ ተከፍቶ በቆየ ቁጥር ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ጥሩ ይተነፍሳል፤ በዝቅተኛ ዙር ግን ይደክማል፣ ሚኒሞውም (ፔዳል ሳይረገጥ የሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር) አልረጋ ይላል። በሳሳ አየር፣ በዳገትና በመኪና መጨናነቅ ውስጥ የምንፈልገው ከ1,500 እስከ 3,500 ዙር ያለውን ጉልበት ስለሆነ፣ አንድ ካርቡሬተር ይዞ ለሚቆይ ሰው ከደብሊው 100 ማለፍ ጥቅም አይሰጠውም። ከዚህም ጋር የፋብሪካው ኮሎ ክብደት ማመጣጠኛ ስለሌለው በከፍተኛ ዙር ብሎኩን ያናውጠዋል፤ ከፍ ያለ ዙር የሚፈልግ ካምሻፍት የመረጠ ሰው ማመጣጠኛ ያለውን ኮሎም አብሮ መግዛት ይኖርበታል። አዲስ ካምሻፍት ባረጁ ፑንቴሪያዎች ፈጽሞ አይገጠምም፤ ስምንቱም አዲስ ይሁኑ። የዘይት ፓምፑም ከካምሻፍቱ ጋር መዛመድ አለበት፤ ጥርሱ በሦስት ሪቬት የተያዘው ጠፍጣፋ ካምሻፍትና በአራት ሪቬት የተያዘው ጎድጎድ ያለው የሚቀበሉት ፓምፕ የተለያየ ነው።

ብሎኩ ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ በመሆኑ ከዓመታት ሙቀት በኋላ የኮሎው መቀመጫ ከመስመር ይወጣል። መቀመጫው ሳይለካና አስፈላጊ ከሆነ በመስመር ሳይቦረቦር አዲስ ብሮንዚን ማስገባት ገንዘብን ማባከን ነው። ቴስታታውን የሚይዙት ረጃጅም ቡሎኖች የሚገቡበት ጥርስም ብዙ ጊዜ የላላ ስለሆነ የብረት ማስገቢያ ሊደረግለት ይገባል።

የኮሎው የፊትና የኋላ እንቅስቃሴ ለብቻው ሊነገርለት የሚገባ ነው፤ የሚፈቀደው ከ0.07 እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የሚስተካከለውም ከቮላኖው (ከኮሎው ጫፍ ላይ ከሚታሰረው ከባድ ክብ ብረት) ጀርባ በሚገቡ ሦስት ቀጫጭን ሮንዴላዎች ነው። በመጀመሪያ ያለ ዘይት ማኅተሙ ሁለት ሮንዴላ ብቻ ገብቶ ቮላኖው ይታሰራል፤ ባለ መርፌ መለኪያ ይደገንና ቮላኖው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይገፋል። መርፌው 0.42 ካሳየ፣ እንዲቀር የምንፈልገው 0.10 ሲቀነስለት 0.32 ይመጣል፤ ሦስተኛው ሮንዴላ ባለ 0.32 ይሆናል ማለት ነው። የቮላኖው ትልቅ ዳዶ ከ340 ኒውተን ሜትር በላይ ስለሚጠብቅ በተራ መፍቻና በግምት የሚሆን ሥራ አይደለም።

ዘይትና ማቀዝቀዣን በሚመለከት ምንም ዓይነት ቁጠባ ሊኖር አይገባም። የፋብሪካው ሞተር የሚይዘው 2.5 ሊትር ዘይት ብቻ ሲሆን፣ ከወንፊት በቀር እውነተኛ የዘይት ማጣሪያ የለውም። ብሎኩ ተከፍቶ ሳለ የዘይቱን መተላለፊያ ቀዳዳ አስጠርቦ ከውጭ ለሚታሰር ማጣሪያ ማዘጋጀት በኋላ ሊደረግ የማይችል፣ ለሞተሩም ዕድሜ ከማንኛውም ካርቡሬተር በላይ የሚጠቅም ሥራ ነው። ከ1971 ሞዴል ጀምሮ የመጣው የዘይት ማቀዝቀዣ ከአየር ማራገቢያው ሽፋን ውጭ የተቀመጠ ነው፤ የቀድሞው ግን የሦስተኛውን ሲሊንደር አየር ስለሚጋርድበት ያንን ሲሊንደር ያሞቀዋል፤ ስለዚህ አዲሱን ዓይነት ከነሽፋኑ መግጠም ተገቢ ነው። በየጋራዡ «አያስፈልግም» እየተባሉ የሚጣሉት የሞተር ዙሪያ ቆርቆሮዎችና ጎማዎች የጋለው አየር ተመልሶ እንዳይሳብ የሚከላከሉ በመሆናቸው አንዳቸውም ሊጎድሉ አይገባም።

ዕቃውን ስለማግኘት ጥቂት ልበል። ሶማሌ ተራ ውስጥ ደህና ያገለገለ የፋብሪካ ዕቃ አሁንም ስለሚገኝ ቆርቆሮ፣ ቮላኖና ብሎክ እዚያው መፈለግ ይቻላል። ብሮንዚን፣ ፑንቴሪያና ፋሻ ግን አዲስ መሆን አለባቸው፤ አሜሪካ ወይም ጀርመን ያለ ዘመድ በሻንጣው ይዞልን የሚመጣ ከሆነ ቀላልና ወሳኝ የሆኑትን እነዚህን ማስቀደም ይበጃል፤ የሲሊንደር ስብስብ ከባድ ነው። ብሮንዚን ከማዘዝ በፊት ኮሎው ተለክቶና ተሞርዶ መጠኑ መታወቅ አለበት።

አዲስ ካምሻፍት የገባበት ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ በሚኒሞ መተው የለበትም፤ ዚንክና ፎስፈረስ በበቂ መጠን ባለበት ዘይት፣ በ2,000 ዙር አካባቢ፣ ለ20 ደቂቃ ያህል መሥራት አለበት። ከዚያ ዘይቱ ይቀየራል፤ ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝም የቫልቮቹ ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር ላይ ይስተካከላል። የእኔ ሞተር እስካሁን በአንድ ሶሌክስ 34 ፒክት ካርቡሬተር ነው የሚሠራው፤ ዋናውን የነዳጅ ቀዳዳ ለከፍታው አሳንሼለት የካንዴላው ቀለም ከጥቁርነት ወደ ቡናማ መጥቷል። ቀጥሎ የምገዛው የቫኩም ማስቀደሚያ (በሞተሩ የአየር ስበት ብልጭታውን የሚያስቀድም) ያለው ስፒንተሮጀኖ ነው፤ አሁን ያለው 009 ቦሽ ፔዳሉ በድንገት ሲረገጥ ለአፍታ ያመነታል፤ ሁለቱ ካርቡሬተሮች ከእሱ በኋላ ይመጣሉ።