በሰው ለቅሶ የራሴን ሆድ

ቅዳሜ ፒላቴስ ጀመርኩ። እሁድ ጎረቤት አረፉ። ጉድ የሠራኝ የሁለቱ መከታተል ነው።

ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጎልቼ ነው የምውለው። ወገቤ ሲያስቸግረኝ አንዷ የሥራ ባልደረባዬ "ፒላቴስ ሞክር፣ ተኝተህ ነው የምትሠራው" አለችኝ። ተኝቶ የሚሠራ ስፖርት ማን ይጠላል? ሳሎን ምንጣፍ ላይ ጋደም ብዬ የስልኬን ቪዲዮ ከፈትኩ። ሚስቴ "የሴቶች አይደል እንዴ?" ብላ ሳቀች። የጀመረው ጆሴፍ ፒላቴስ የሚባል ጀርመናዊ ነው፤ ቦክስም ይሠራ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ሲያስሩት አብረውት የታሰሩትን ሰብስቦ ያሠራቸው ነበር አሉ። መታሰራቸው አይበቃም?

"መቶ" የሚሉት እንቅስቃሴ አለ። በጀርባህ ተኝተህ ጭንቅላትህንና እግርህን ከመሬት ታነሳለህ። እጅህን እያርገበገብክ አምስት ቆጥረህ አየር ታስገባለህ፣ አምስት ቆጥረህ ታስወጣለህ። መቶ እስኪሞላ። ስትሠራው ያን ያህል አይመስልም። ያልለመደ ጡንቻ ሒሳቡን የሚያወራርደው በማግስቱ ነው።

እሁድ ከአልጋዬ የወረድኩት ተንከባልዬ ነው። ለካ ሆድ የማይገባበት ሥራ የለም! ማሳል በሆድ ነው። ካልሲ ማድረግ በሆድ ነው። የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለም። ደረጃውን ግድግዳ ተደግፌ ወረድኩት።

ከቀብር መልስ ድንኳን ገባን። የዕድር አግዳሚ ደግሞ ዝቅ ያለ ነው። "እግዜር ያጽናናችሁ" ብዬ ልቀመጥ ጎንበስ ስል፣ ከሆዴ ሥር "እእእህህ!" የሚል ድምፅ አመለጠኝ። ድንኳኑ ጸጥ አለ። ሟቹን ደረጃ ላይ ሰላም ከመባባል በቀር አላውቃቸውም። እህታቸው ቀና ብለው አዩኝና "ወይኔ ወንድሜን፣ የሰው ወዳጅ!" ብለው ጮኹ። ጋብ ብሎ የነበረው ለቅሶ እንደ አዲስ ተነሳ። አንድ አዛውንት ትከሻዬን ይዘው "አይዞህ ልጄ፣ ቻለው" ይሉኛል። እየቻልኩት ነበር።

የሦስተኛ ፎቁ ጎረቤቴ አጠገቤ ነው። ሚስቴ ለሚስቱ ነግራታለች። ንፍሮውን እየቆረጠመ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና "መቶ ሞላህ?" አለኝ።

ሳቄ መጣ። ለቅሶ ቤት ሳቅ ማፈን ከ"መቶ"ም የባሰ የሆድ ስፖርት ነው። ፊቴን በጋቢ ሸፈንኩ። ትከሻዬ ይንቀጠቀጣል፣ ዕንባዬ ይወርዳል፣ በየመሀሉ "እህህ" እላለሁ። "ኧረ ለዚህ ልጅ ውሃ ስጡት!" አለች አንዷ።

በሠልስቱ የዕድሩ ዳኛ አስጠሩኝ። "እንዳንተ ሐዘን የሚገባው ወጣት ዛሬ የለም" ብለው ድንኳን ከሚተክሉት መደቡኝ። እምቢ አይባል ነገር!

ፒላቴሱን አልተውኩትም፤ ቀስ እያልኩ እሠራለሁ፣ ወገቤም ተሽሎኛል። የድንኳን ብረት ሳነሳ የቪዲዮዋ አሠልጣኝ እንደምትለው እምብርቴን ወደ ውስጥ ስቤ፣ "ፍስስስ" ብዬ አየር እያስወጣሁ ነው። ባለፈው ሌላኛውን ጫፍ የያዙት ጋሼ ብረቱን መሬት ላይ አስቀመጡና ዞር ዞር ብለው አዩ።

"የማን ጎማ ነው የሚተነፍሰው?"