ለሳል የተሰጠችው ትንሽ ክኒን

አዳር ተረኛ ነበርኩ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አንድ የደም ናሙና መጣልኝ። በነጋታው የሄርኒያ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው፣ ሃምሳዎቹን የተሻገሩ ሰው ናሙና ነው። ማሽኑ ላይ ጫንኩት። ነጭ የደም ሴል 17,800 አለኝ።

የአዋቂ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ4,000 እስከ 11,000 ባለው መካከል ነው። የሰውየውን የቀድሞ ውጤት ፈልጌ አየሁ፤ ከሦስት ቀን በፊት 7,200 ነበር።

እንዲህ ያለ ዝላይ ሲመጣ የላብራቶሪ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቱቦውን ነው። የሌላ ሰው ደም ይሆን? ስም ተለዋውጦ ይሆን? ወደ ዋርድ ደወልኩና "ሲስተር፣ ይቅርታ፣ ናሙናው እንደገና ይቀዳልኝ" አልኳት። ደስ እንዳላላት ከድምጿ ያስታውቃል። ሰውየውም "ደሜን ልትጨርሱት ነው እንዴ?" ማለታቸውን በኋላ ሰማሁ። ሁለተኛው ናሙና መጣ። 18,100።

እዚህ ላይ ነው የሳትኩት። ለተረኛው ሐኪም ደውዬ ቁጥሩን ነገርኩት። ቁጥሩን ነግሬ ስልኩን ብዘጋ ጥሩ ነበር። እኔ ግን "ዶክተር፣ ከባድ ኢንፌክሽን ይመስላል" ብዬ ጨመርኩበት። ማን ጠየቀኝ? ስላይዱን፣ ደሙ የተቀባበትን መስታወት፣ ሠርቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ እንጂ በማይክሮስኮፕ እንኳ አላየሁትም። ሥራ በዝቶብኝ ነበር፤ ሰበብ አይሆንም።

ሐኪሙም ቀዶ ሕክምናውን አዘገየ። አንቲባዮቲክ ለመጀመርም አሰበ። በዚያ ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት የተለካው የደም ስኳራቸው ከፍ ብሎ 238 ነበር። "ምን በልተው ነው?" ተብለው ተጠየቁ። ሰውየው ስኳር የሚባል በሽታ በቤተሰባቸውም እንደሌለ እየማሉ ተናገሩ። ጠዋት ምግብ ሳይቀምሱ ሲለካ ደግሞ 94 ሆኖ ተገኘ። ይሄኔ ዋርዱ ውስጥ "ሰርቀው በልተዋል" የሚለው ወሬ ጸና። ምስኪን።

ጠዋት ኃላፊያችን ገቡ። ብዙ ዓመት በማይክሮስኮፕ ላይ ያረጁ ሴት ናቸው። ርክክብ ላይ ታሪኩን ስነግራቸው ምንም አላሉም። ስላይዱን አነሱና ተቀመጡ። ረጅም ጊዜ አዩት።

"ና እስኪ አንተም እይ" አሉኝ።

አየሁ። ኒውትሮፊሎቹ፣ ማለትም ባክቴሪያን የሚዋጉት ነጭ የደም ሴሎች፣ ብዙ ናቸው፤ ግን ሁሉም የበሰሉ ናቸው። በከባድ ኢንፌክሽን ጊዜ መቅኔ ለጋዎቹን ሳይቀር ወደ ደም ይለቃል፤ ሴሎቹም ውስጥ ደማቅ ሻካራ ነጠብጣብ ይታያል። እዚህ አንዱም የለም። ሊምፎሳይት የሚባለው ሌላው የነጭ ሴል ዓይነት አንሷል። ኢኦሲኖፊል የሚባለውንም ዓይነት ፈልጌ ፈልጌ አንድ አጣሁ።

"ሰውየው ምን ይወስዳሉ?"

"ምንም። ቅጹ ላይ ባዶ ነው።"

"ቅጹን አይደለም የጠየቅኩህ" አሉና ተነሱ። ተከትያቸው ወደ ዋርድ ወጣሁ። በሽተኛውን ሰላም አሉና ጠየቁ፤ "ባለፉት ሁለት ሳምንታት የዋጡት፣ የተወጉት፣ በአፍ የሳቡት ወይም የተቀቡት ነገር አለ?"

ሰውየው ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ጃኬታቸው ኪስ ውስጥ እጃቸውን ከትተው አንዲት ትንሽ ብልቃጥ አወጡ። ፕሬድኒሶሎን፣ ስቴሮይድ የሚባለው መድኃኒት ነው። አስም ነገር ስለሚነሳባቸው ሌላ ቦታ ታይተው የተሰጣቸው ነው። ባለ 5 ሚሊግራሙን 8 ክኒን፣ ሁልጊዜ ጠዋት። የጀመሩት ከመጀመሪያው ምርመራ በኋላ ነው።

"ታዲያ ለምን አልነገሩንም?" አልኳቸው።

"እናንተ የጠየቃችሁኝ የስኳርና የግፊት መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ ብላችሁ ነው። ይቺ የሳል ናት" አሉ። ተመልሼ የምለው አጣሁ። እውነታቸውን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኒውትሮፊሎች ሁሉም በደም ውስጥ የሚዞሩ አይደሉም። ግማሽ ያህሉ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ይቀመጣሉ፤ ማሽን አይቆጥራቸውም። ስቴሮይድ ሲገባ ግድግዳውን ይለቃሉ፤ ከመቅኔም ይጨመራሉ፤ ዕድሜያቸውም ይረዝማል። ይህ በሰዓታት ውስጥ የሚሆን ነገር ነው። የተኩስ ድምፅ ሳይሰማ ወታደሩ ሁሉ ከሰፈሩ ወጥቶ መንገድ ላይ እንደመቆም ማለት ነው። ሊምፎሳይትና ኢኦሲኖፊል ደግሞ በተቃራኒው ከደም ይሸሻሉ።

ስኳሩም ከዚያው የመጣ ነው። ስቴሮይድ ጉበት ስኳር እንዲያመርት ይገፋፋል፤ ሰውነት ለኢንሱሊን እንዳይታዘዝም ያደርጋል። ጠዋት የተዋጠ ፕሬድኒሶሎን ጉልበቱ የሚታየው ከሰዓት በኋላና ምሽት ላይ ነው። ሌሊቱን ይረግብና በማግስቱ ጠዋት በባዶ ሆድ ሲለካ ደህና ይመስላል። የሦስት ወር አማካይ የሚያሳየውን የስኳር ምርመራ ብናዘውም የሁለት ቀን ነገር አያሳይም ነበር። ሰውየው ምንም ሰርቀው አልበሉም።

ይህን ስሰማ እፎይ አልኩና "በቃ፣ ኢንፌክሽን የለም ማለት ነው" አልኩ። ኃላፊያችን ገላመጡኝ። ማታ "አለ" ያልኩት ሰው አሁን ደግሞ "የለም" እያልኩ ነው። ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው ኢንፌክሽን ሊይዘው ይችላል፤ እንዲያውም ትኩሳቱንና ሲአርፒውን (በደም ውስጥ የሚለካ የብግነት ምልክት) ዝቅ አድርጎ ይደብቀዋል። ስለዚህ ሐኪሙ ሰውየውን እንደገና ከእግር እስከ ራስ መረመራቸው፤ ደረታቸውን ራጅ አስነሳ፤ ሽንታቸውን አየ። ንጹሕ ነበሩ። አንቲባዮቲኩ ቀረ። ቀዶ ሕክምናው ግን እንደተራዘመ ቆየ፤ ደረታቸው ገና ሲር ሲር ይል ነበርና ማደንዘዣ ሰጪው ሳይረጋጋ አልነካም አለ። እኔ በተሳሳተ ምክንያት ትክክለኛ ነገር አሠርቼ ነበር ማለት ነው። የሚያኮራ አይደለም።

"እንግዲያው ላቁማት?" አሉ ሰውየው ብልቃጧን እያዩ። ሐኪሙ ከለከላቸው። አስሙ አልበረደም። ደግሞም ይህን መድኃኒት ለሳምንታት የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቆም የሰውነቱን ስቴሮይድ የሚያመርተው የራሱ አድሬናል ዕጢ እንቅልፍ ላይ ስለሚሆን አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ በገዛ ፈቃድ የሚቆም ነገር አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ይህ መድኃኒት በሌላ መልክም ገጥሞኛል። የአንዲት ሴት ኮርቲሶል፣ ያ አድሬናል ዕጢ የሚያመርተው ስቴሮይድ፣ መጠኑ ደህና ነው ብለን ውጤት ልከን ነበር። ለካ ፕሬድኒሶሎን ላይ ናቸው፤ መመርመሪያው መድኃኒቱን ኮርቲሶል ብሎ እየቆጠረው ነው። ሌላው ስቴሮይድ ዴክሳሜታሶን ቢሆን እንዲህ አይቀላቀልም፤ እሱ ደግሞ የራሳቸውን ኮርቲሶል አጥፍቶ ያሳየን ነበር።

የመጠየቂያ ቅጹ ላይ "የተዋጠ፣ የተወጋ፣ የተሳበ፣ የተቀባ" የሚል መስመር በእጃችን ጨመርን። አብዛኛው አሁንም ባዶውን ይመጣል። ባዶ ሲሆን እደውላለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዷ ነርስ "ኧረ ምንም አይወስዱም፣ ጠይቄያቸዋለሁ" አለችኝ።

"መገጣጠሚያቸው ላይ ተወግተው ያውቃሉ በቅርቡ?"

ዝም አለች። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥና እግሯ ኮሪደሩን ሲያቋርጥ ሰማሁ።