«መቶ በመቶ» ያለው ውጤት ሪፖርት ሳይሆን የቀረበት ምክንያት

ለአንድ የዕፅዋት በሽታ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ከኳራንቲን ቁጥጥር 9 የወይራ ፍሬ ናሙናዎች ደረሱት። ፍሬዎቹ ላይ ወደ ውስጥ የሰረጎዱ ቡናማ ቁስሎች፣ በቁስሎቹ ላይ ደግሞ ብርቱካናማ የስፖር ክምር ነበረ። አንትራክኖዝ የሚባለው የፍሬ ቁስል በሽታ መሆኑን ለማወቅ ዲኤንኤ አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል። አምጪው ፈንገስ ኮሌቶትሪከም መሆኑም አያጠራጥርም። ችግሩ የመጣው «የትኛው ኮሌቶትሪከም?» ሲባል ነው።

ቴክኒሻኑ ከዘጠኙም ፍሬዎች ፈንገሱን በምግብ ሳህን ላይ (ካልቸር) አሳደገ፣ ዲኤንኤ አወጣ፣ አይቲኤስ የሚባለውን የዘረ-መል ክፍል ፒሲአር በሚባለው የማባዣ ዘዴ አባዝቶ ሲኩዌንስ አስደረገ፤ ማለትም የፊደሎቹ ቅደም ተከተል ተነበበ። ውጤቱን የሲኩዌንሶች የሕዝብ መዝገብ በሆነው በጂንባንክ ሲፈትሽ 6ቱ አኩታተም ከሚባለው የኮሌቶትሪከም ዝርያዎች ቡድን ጋር ገጠሙ። ወይራ ላይ የተለመደ ነው፤ ማንም አልደነገጠም። የቀሩት 3 ግን ከላይ ከመጡት መዝገቦች መካከል «ኮሌቶትሪከም ካሃዌ» ከሚል ስም ጋር 100 በመቶ ገጠሙ።

ካሃዌ የቡና ፍሬ በሽታ አምጪ ነው። በሽታው በ1922 ኬንያ ውስጥ ታወቀ፤ ፈንገሱ ግን ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኖ ስም ያገኘው በ1993 ነው። ከአፍሪካ ውጭ ስለማይገኝ ቡና አምራች አገሮች በጥብቅ የሚፈሩት የኳራንቲን ተባይ ነው። ይህ ስም ሪፖርት ላይ ከወጣ ጭነት ይታገዳል፣ የንግድ አጋሮችም መጠየቃቸው አይቀርም። ቴክኒሻኑ የማስጠንቀቂያ ሪፖርቱን አርቅቆ ለኃላፊዋ ሲያቀርብ «መቶ በመቶ ነው፣ ይመልከቱት» አለ። እርሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ከምን ጋር ነው መቶ በመቶ?»

የጥያቄዋን ክብደት ለመረዳት አይቲኤስ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ማወቅ ይበቃል። በ2012 ለፈንገስ ሁሉ የጋራ መለያ ባርኮድ ሆኖ ቀርቧል፤ ይገባዋልም፤ በአንድ ሴል ውስጥ ብዙ ቅጂ ስላለው ከትንሽ ዲኤንኤም በቀላሉ ይባዛል። ነገር ግን በቅርብ የተዛመዱ ዝርያዎች ላይ ልዩነቱ እጅግ ትንሽ ነው። የተባዛው ክፍል 540 ፊደል ከሆነ 99.6 በመቶ ማለት የ2 ፊደል ልዩነት ነው። ካሃዌ የሚገኝበት የግሎስፖሪዮይድስ ቡድን በ2012 በብዙ ዘረ-መል ሲፈተሽ 22 ዝርያና 1 ንዑስ ዝርያ ያቀፈ ሆኖ ተገኘ፤ አይቲኤስ ብዙዎቹን አይለያቸውም። ካሃዌ ራሱ ያኔ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ቡና ላይ ያለው ሲሆን፣ ሌላው «ሲጋሮ» ተብሎ ወይራን ጨምሮ ብዙ ዓይነት ተክል ላይ የሚገኘውና የቡናን በሽታ የማያስከትለው ነው። ሲጋሮ በኋላ ራሱን የቻለ ዝርያ ተደርጓል። በአይቲኤስ ግን ሁለቱ አይለዩም። ስለዚህ የቴክኒሻኑ «መቶ በመቶ» የሚለው «ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ ነው» ብቻ ነው።

ሌላው ወጥመድ መዝገቡ ላይ ያለው ስም ነው። በጂንባንክ ስሙን የሚሰጠው ሲኩዌንሱን ያስገባው ሰው ነው፤ ስህተት ቢሆንም እርሱ ካላረመው እንደተጻፈ ይኖራል። ከ2012 በፊት ክብ ጫፍ ያለው ሲሊንደራዊ ስፖር ያየ ሁሉ «ግሎስፖሪዮይድስ» ብሎ ሲያስገባ ኖሯል። ስለዚህ ከዝርዝሩ አናት ላይ የመጣው ስም ማስረጃ አይደለም። መነጻጸር ያለበት ስሙ ከተመሠረተበት ከታይፕ ናሙና ሲኩዌንስ ጋር ነው። ግሎስፖሪዮይድስ ራሱ እንዲህ ያለ ማጣቀሻ ያገኘው በ2008 ነው፤ ከጣሊያን ከመጣ የብርቱካን ዝርያ ተክል የተገኘ ካልቸር ሲሆን፣ ኤፒታይፕ ተብሎ ተሰየመ።

ኃላፊዋ ሁለተኛ ነገርም አየች። ከ3ቱ በአንዱ የሲኩዌንስ ግራፍ ላይ 11 ቦታ ላይ ሁለት ጫፎች ተደራርበዋል። ሶፍትዌሩ ከፍ ያለውን ጫፍ መርጦ አንድ ፊደል ስለሚጽፍ፣ ጽሑፉን ብቻ ያየ ሰው ንጹሕ ሲኩዌንስ ይመስለዋል። ካልቸሩ ከነጠላ ስፖር ስላልተነሳ ሁለት ፈንገስ አብረው አድገው ነበር። ግራፉን ከፍቶ ማየት 2 ደቂቃ ነው፤ የሚገርመው ብዙ ሰው አይከፍተውም።

ሥራው ከመጀመሪያው ተደገመ። ከካልቸሮቹ የተወሰደ የስፖር ክምር በ1 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ ተበትኖ እንዲሳሳ ተደረገ፤ 100 ማይክሮ ሊትር በ2 በመቶ የውሃ አጋር (ፈንገስ የሚያድግበት የረጋ ጄል) ላይ ተዘረጋ። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ12 እስከ 18 ሰዓት ከቆየ በኋላ ብቻውን የበቀለ ስፖር በማይክሮስኮፕ ተፈልጎ፣ ከነአጋሩ በመርፌ ተቆርጦ ወደ ድንች ዴክስትሮዝ አጋር ተዛወረ። በዚህ መሃል ስፖሩን ማየት ጥሩ ነው፦ የአኩታተም ቡድን ስፖር ጫፎቹ ሾል ያሉ ሲሆኑ፣ የግሎስፖሪዮይድስ ቡድን ስፖር ደግሞ ሲሊንደራዊ ሆኖ ጫፎቹ ክብ ናቸው። ይህ የ10 ደቂቃ እይታ የሚጠበቀውን የቡድን ስም ይሰጣል፤ ሲኩዌንሱ ከዚህ ከተቃረነ ናሙና ተቀያይሯል ወይም ካልቸሩ ድብልቅ ነው ማለት ነው።

ለዲኤንኤ ማውጫ የ5 ቀን ወጣት ማይሲሊየም (የፈንገሱ ክሮች) ብቻ ተፋቀ። ያረጀውና የጠቆረው ሜላኒን ስላለው፣ አጋሩ ደግሞ ፖሊሳካራይድ ስለሆነ፣ ሁለቱም ፒሲአርን ያፍናሉ። እንዲያም ሆኖ አንዱ ናሙና ጂኤፒዲኤች በሚባለው ሌላ ዘረ-መል ላይ ምንም ባንድ፣ ማለትም መባዛቱን የሚያሳይ መስመር፣ አላሳየም። መጀመሪያ የተጠረጠረው ማባዛቱን የሚያስጀምረው አጭር ዲኤንኤ (ፕራይመሩ) ነበር፤ ችግሩ ግን የዲኤንኤው ንጽሕና ነበር፤ ንጽሕናን የሚያሳየው የ260/230 የብርሃን ንባቡ ዝቅ ያለ ነው። ዲኤንኤው 10 እጥፍ በውሃ ሲቀጠን ባንዱ ወጣ። በእያንዳንዱ ዙር ዲኤንኤ የሌለው መቆጣጠሪያ ቱቦ አብሮ ይሮጣል፤ እርሱ ላይ ባንድ ከታየ የዚያ ዙር ሁሉም ውጤት ይጣላል፤ «ደብዛዛ ነው» ማለት አያድንም።

ከአይቲኤስ ሌላ ለአኩታተሞቹ ቤታ ቱቡሊን፣ ለሲሊንደራዊዎቹ ጂኤፒዲኤች እና ግሉታሚን ሲንቴታዝ የሚባሉ ዘረ-መሎች ተጨመሩ። ካሃዌን ከሲጋሮ የሚለየው ግሉታሚን ሲንቴታዝ ነው፤ ይህ ዘረ-መል ባይጨመር ኖሮ የቀረው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነበር። ሲኩዌንሶቹ ከታይፕ ናሙናዎች ጋር ተሰልፈው የእያንዳንዱ ዘረ-መል የዝምድና ዛፍ መጀመሪያ ለየብቻው ተሠራ፤ ከዚያ በኋላ ነው የተዋሐዱት። በአንድ ዛፍ ላይ ከአንዱ ዝርያ፣ በሌላው ላይ ከሌላው ጋር የሚሰለፍ ናሙና ካለ ወዲያው ማዋሐድ ግጭቱን ይሸፍነዋል። አንድ ቅርንጫፍ ምን ያህል እንደሚታመን የሚያሳየው የድጋፍ ቁጥርም እንደ ስሌቱ ዓይነት ይነበባል፦ ቡትስትራፕ በሚባለው ስሌት በተለመደው ዓይነት 70 ጥሩ ነው ይባላል፤ በፈጣኑ ዓይነት ግን 95 ካልደረሰ አይታመንም። ሁለቱን ማምታታት በሪፖርቶች ላይ ደጋግሞ ይታያል።

ከ3ቱ ናሙናዎች 2ቱ ሲጋሮ ሆኑ። የማስጠንቀቂያው ረቂቅ ተሰረዘ፤ ጭነቱም ከካሃዌ ጋር በተያያዘ አልታገደም። የሪፖርት ቅጹ ላይ «ከታይፕ ጋር ተነጻጽሯል?» የሚል አንድ መስመር ታከለ፤ መልሱ «አይደለም» ከሆነ የሚጻፈው የቡድኑ ስም ብቻ ነው።

ድብልቅ የነበረው 3ኛው ናሙና ግን አልተፈታም። ከአሮጌው ካልቸር የተነሱት 8 ነጠላ ስፖሮች ሁሉም የአኩታተም ቡድን ሆነው ወጡ፤ ሲሊንደራዊው በአኩታተሙ ተውጦ ጠፍቷል። እንደገና ለማውጣት ወደ ፍሬው መመለስ ያስፈልግ ነበር፤ ፍሬው ደግሞ ካልቸሩ በተነሳ በ5ኛው ቀን ተጥሏል። አሁን ከእያንዳንዱ ናሙና ቁራጭ ሪፖርቱ እስኪፈረም ድረስ በማቀዝቀዣ ይቀመጣል።