ዳገት ላይ ያለ ወይን

መጀመሪያ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ልበል። እኛ ፍሬውንም ወይን፣ ሐረጉንም ወይን፣ መጠጡንም ወይን ነው የምንለው። ስለዚህ ከዚህ በታች የትኛውን እንደማወራ ግራ ቢገባችሁ ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም። ደግሞ ከቆላ ከፍ፣ ከደጋ ዝቅ ያለውን ቦታ "ወይና ደጋ" ስንል ኖረናል። ቃሉ ውስጥ ወይን ቁጭ ብሏል። ሞቅ ያለ፣ ግን ከፍ ያለ ቦታ። ይህን ልብ ያልኩት አንድ ሞቃት አካባቢ፣ ኮረብታ ላይ የተተከለ የወይን እርሻ ከጎበኘሁ በኋላ ነው።

ከዚያ በፊት የማውቀው ቀይና ነጭ የሚለውን ብቻ ነበር። አዋቂ መምሰል ስፈልግ ደግሞ "ካበርኔ ሶቪኞን" እል ነበር፣ ሌላ የወይን ዝርያ ስም ስለማላውቅ። እዚያ ስሄድ ካበርኔ የሚባል ነገር ከኮረብታው ጫፍ ላይ ጥቂት መስመር ብቻ ነው ያለው። የቀረው በሙሉ ሰምቼው የማላውቅ ስም ነው።

ምክንያቱ ሲገባኝ ብዙ ነገር ተገለጠልኝ። ቀዝቃዛ አገር ያለ የወይን ገበሬ ጭንቀቱ ፍሬው ሳይበስል ብርዱ እንዳይደርስበት ነው። ሞቃት አገር ነገሩ ይገለበጣል። ፍሬው መብሰሉማ አይቀርም፣ ጣጣው መቸኮሉ ነው።

ቢቸኩል ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል። ወይን ሲበስል ስኳሩ ይጨምራል፣ አሲዱ ይቀንሳል። በተለይ ማሊክ የሚባለውን አሲድ፣ አፕልን ጎምዘዝ የሚያደርገውን ማለቴ ነው፣ ፍሬው ራሱ እንደ ነዳጅ ያቃጥለዋል፤ ሙቀት ሲበዛ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ታርታሪክ የሚባለው ሌላው አሲድ የተሻለ ይችላል። እና ሙቀቱ ከገፋ ስኳሩ ሽቅብ ይሮጣል፣ አሲዱ ቁልቁል ይወርዳል፣ ልጣጩና ዘሩ ግን ገና ጥሬ ናቸው። በግምት በሊትር 17 ግራም ስኳር ሲፈላ 1 በመቶ አልኮል ይወጣዋል፤ ጭማቂው 255 ግራም ከደረሰ 15 በመቶ ማለት ነው። ያኔ የምትጠጡት ነገር ጉሮሮ የሚያቃጥል፣ እንደ ማርማላታ የሚከብድ፣ ሁለተኛ ብርጭቆ የማያስመኝ ይሆናል። ብዙ ሰው "ወይን አልወድም" የሚለው እንዲህ ያለውን ቀምሶ ይመስለኛል።

ዳገቱ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በ100 ሜትር ከፍታ ወደ 0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። 500 ሜትር ከወጣችሁ 3 ዲግሪ ነው፣ ለወይን ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። የተዳፋቱ ፊት ወዴት እንደዞረም ወሳኝ ነው። ወደ ምሥራቅ የዞረው የጠዋቱን ለስላሳ ፀሐይ ያገኛል፣ ከሰዓት በኋላ ካለው ንዳድ ደግሞ ይተርፋል። ቀዝቃዛ አገር ያሉት ፀሐይ ለማግኘት የሚሻሙበትን አቅጣጫ ሞቃት አገር ያለው ይሸሸዋል።

አፈሩም አለ። ጎርፍ ለዘመናት ለም አፈሩን ወደ ታች ስለወሰደው ዳገት ላይ የቀረው ድንጋይ ነው። ለሌላ ሰብል ቢሆን ያስለቅሳል። ወይን ግን ሥሩ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ አይወድም፣ ከተራበም ፍሬው ትንሽ ትንሽ ይሆናል። ፍሬው ሲያንስ ከጭማቂው አንጻር ልጣጩ ይበዛል። ቀለሙ ያለው ልጣጩ ላይ ነው፣ አፍ የሚያደርቀው ታኒንም እዚያ አለ፤ የአብዛኛው ቀይ ወይን ጭማቂ ብቻውን ቢጨመቅ እንኳ ቀለም የለውም ማለት ይቻላል። ይህን ስሰማ ትንሽ አፈርኩ፣ ሁሌም ውስጡ ቀይ ይመስለኝ ነበር።

ክፉ ጎኑ ልፋቱ ነው። ትራክተር አይወጣውም። እርከን መሥራት፣ የፈረሰውን መካብ፣ ዘለላውን በእጅ እየቆረጡ በሳጥን ተሸክሞ መውረድ። የፖርቹጋል ዶሮ ሸለቆ (ከላባ ያለው ዶሮ ጋር አይገናኝም) በድንጋይ እርከን ተሸፍኖ የሚታየው ለጌጥ አይደለም። ወሰኑ በሕግ የተከለለው እ.ኤ.አ. በ1756 ነው፤ እስከ ዛሬም እዚያ ሰው ዳገት ይወጣል።

ወደ ቅምሻው ልምጣ። ሁለት ብርጭቆ ቀረበልን። ሁለቱም ሲራ የሚባለው ቀይ ዝርያ፣ አውስትራሊያዎች ሺራዝ የሚሉት። በተመሳሳይ ዓመት የተለቀመ፣ አንድ ሰው የጠመቀው። አንዱ ከኮረብታው ግርጌ፣ አንዱ ከላይ። የግርጌው ጥቁር፣ ወፍራም፣ የበሰለ ፍራፍሬ የሚሸት። የላይኛው ግን ቁንዶ በርበሬ ሸተተኝ። ቅመም የጨመሩበት መስሎኝ ጠየቅሁ፣ ተሳቀብኝ። ለካ ሮተንዶን የሚባል ውህድ ቁንዶ በርበሬ ውስጥም፣ ሲራ ልጣጭ ላይም አለ፣ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ላይ ደግሞ ይበዛል። ስለ ዳገት የተነገረኝን ሁሉ ያመንኩት ያን ጊዜ ነው።

ስለ ሲራ አንድ ወሬ ልጨምር። ስሙን አይተው ከፋርሷ ሺራዝ ከተማ መጣ የሚሉ ብዙ ናቸው፣ ደስ የሚል ተረት ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ1998 በዲኤንኤ ሲመረመር ወላጆቹ ዱሬዛና ሞንዴዝ ብላንሽ የሚባሉ የደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ ወይኖች ሆነው ተገኙ። ያውም እናትየዋ ሞንዴዝ ብላንሽ ነጭ ናት! ዚንፋንዴልም እንዲሁ የአሜሪካ ልጅ ተደርጎ ሲቆጠር ኖሮ ከጣሊያኑ ፕሪሚቲቮ ጋር አንድ መሆኑ ታወቀ፣ ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2001 ሥሩ ክሮኤሺያ የባሕር ጠረፍ ላይ ተገኘ። ዚንፋንዴል ሙቀት ይወዳል፣ ግን አመለኛ ነው፤ በአንድ ዘለላ ላይ ዘቢብ የሆነውና ገና አረንጓዴ የሆነው ጎን ለጎን ተንጠልጥለው ታያላችሁ። መቼ ልልቀም የሚለው ጥያቄ ያሳብዳል።

ልቤን የወሰደው ግን ግረናሽ ነው። ስፔኖች ጋርናቻ ይሉታል። ግንዱ ጠንካራ ስለሆነ የሚደግፈው ሽቦ አይፈልግም፣ ብቻውን እንደ ቁጥቋጦ ይቆማል። ንፋስ አይጥለውም፣ ድርቅ ይችላል። ስፔን ፕሪዮራት ውስጥ፣ አፈር ሳይሆን የተሰባበረ ጥቁር ድንጋይ ያለበት ገደል ላይ ሳይቀር ይኖራል። ልጣጩ ስስ ስለሆነ ቀለሙ ፈዘዝ ይላል፣ ይህን አይተው "ቀጭን ነው" የሚሉት አሉ። እንዳትሸወዱ። ቀለሙ ፈዛዛ፣ አልኮሉ ግን 15 በመቶ መድረስ አይከብደውም። እንጆሪ እንጆሪ ይላል፣ ይጠጣል፣ ሳይታወቅ ያንገዳግዳል።

ነጮቹን በአጭሩ ልለፋቸው፣ ምክንያቱም ሞቃት አገር ነጭ ወይን መሥራት ከባድ ነው፣ ከቀመስኩትም የጣመኝ ጥቂቱ ነው። ቪዮኒዬ አፍንጫ ላይ አፕሪኮትና አበባ ነው፣ ግን ለቀማው ትንሽ ከዘገየ አሲዱ ያልቅና ምላስ ላይ ቅባት ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ ጥቂት ሄክታር ብቻ ቀርቶ ሊጠፋ ነበር፤ አሁን ግን በብዙ አገር ይገኛል። ለእኔ ጀግናው አሲርቲኮ ነው፣ የግሪኳ የሳንቶሪኒ ደሴት ወይን። በዚያ ፀሐይ ላይ በስሎም አሲዱን አይለቅም። ንፋሱ እንዳይጎዳው ሐረጉን እንደ ቅርጫት ጠምዝዘው መሬት ላይ ያስቀምጡታል፣ ፍሬው ውስጡ ተደብቆ ያድጋል።

አንድ ምክር ሳልሰጥ ባልፍ ይቆጨኛል። "ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል" የሚባለውን አትመኑ። የክፍል ሙቀት የተባለው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ለማለት ነው፣ ሞቃት አካባቢ ያለ ክፍል ደግሞ 26ም 28ም ይሆናል። በዚያ ሙቀት መጀመሪያ አፍንጫችሁ ላይ የሚመጣው አልኮሉ ነው። ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። በተለይ ግረናሽ ሌላ መጠጥ ነው የሚሆነው።

ስንወርድ ከኮረብታው ግርጌ፣ ሲራውም ግረናሹም ተለቅሞ ባለቀበት፣ አንድ ጥግ ላይ ገና ዘለላው ያልተነካ ማሳ አየሁ። ሙርቬድር ነው አሉኝ፣ ስፔን ውስጥ ሞናስትሬል የሚባለው። ሙቀት ይፈልጋል፣ ግን ከሁሉም ዘግይቶ ነው የሚበስለው። ፈረንሳዮች ፊቱ ፀሐይ ላይ፣ እግሩ ውሃ ውስጥ መሆን ይወዳል ይሉታል፣ ለዚህ ነው ታች፣ እርጥበት የማይለየው አፈር ላይ የተተከለው። ሌሎቹ በርሜል ውስጥ እየፈሉ እሱ እዚያው ተንጠልጥሏል። አስፈቅጄ አንዷን ፍሬ ቀጠፍኩና ቀመስኩ። ልጣጯ ወፍራም፣ ዘሯ መራራ።

ገና ነበረች።