የብርቱካን ልጣጭ ዱቄት፦ ነጩን ሳያስገቡ

የብርቱካን ልጣጭ ዱቄት የሚመርረው ነጩ ሲገባበት ነው። መዓዛው ያለው በላይኛው ባለቀለም ቆዳ ላይ፣ ዘይት በያዙት ጥቃቅን ነጠብጣቦች ውስጥ ነው። ስለዚህ ፍሬውን ለብ ባለ ውሃ በብሩሽ አጥባችሁ አድርቁና በድንች መላጫ፣ ሳትጫኑ፣ ስስ አድርጋችሁ ላጡ። ልጣጩ ሲገለበጥ ውስጡ ወፍራም ነጭ ከሆነ በቢላ ይፋቅ። መንደሪን ነጩ ትንሽ ስለሆነ በእጅ ቢላጥም ይሆናል። የእኛ ትንሿ ሎሚ ግን ቆዳዋ ስስ ነው፤ በመላጫ አትያዝም፣ በካሮት መፈቅፈቂያው ደቃቅ በኩል ትፈቅፈቅ።

ድሬዳዋ ላይ ለማድረቅ ምንም አያስፈልግም፤ ሰፌድ ላይ ሳይደራረብ አስጥቶ፣ ስስ ጨርቅ ሸፍኖ፣ ነፋስ ያለበት ጥላ ሥር መተው ነው። ፀሐይ ላይ ይፈጥናል፣ ግን ቀለሙ ይነጣል፣ መዓዛውም ይበናል። ሐረር ቀዝቀዝ ስለምትል ቀናት ይጨምራል፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ጥላ ብቻ አያዋጣም። ያኔ ኦቨኑ በዝቅተኛው ሙቀት ይለኮስና በሩን ገርበብ አድርጎ ማድረቅ ነው። ወደ 60 ዲግሪ ይበቃል፤ ጠርዙ ቡናማ ከሆነ አርሯል ማለት ነው፣ ይጣል።

የደረቀ ልጣጭ ሲሰበር ቀጭ ይላል። ከጎበጠ ውሃ አለበት፤ ቢፈጭ ይጓጉላል፣ ዕቃ ውስጥም ይሻግታል። ኦቨን የገባው ቀዝቅዞ ይፈጭ። ቡና መፍጫ ከሆነ አስቀድማችሁ ጥቂት ደረቅ ሩዝ ፈጭታችሁ ድፉ፣ አለዚያ ብርቱካኑ ቡና ቡና ይላል። 10 ሴኮንድ ፈጭቶ ማሳረፍ፤ መፍጫው ሲግል ዘይቱ ይተናል። ነፍታችሁ በሚከደን ጠርሙስ፣ ከምድጃ ርቆ። መዓዛው ከወራት በኋላ ስለሚደክም ብዙ አትፍጩ።

አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት በአንድ የሾርባ ማንኪያ እርጥብ ፍቅፋቂ ፋንታ ይገባል። ለ1 ኪሎ የዳቦ ዱቄት 2 የሻይ ማንኪያ፤ ለ1 ሊትር የቅመም ሻይ ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ ያውም ከእሳት ከወረደ በኋላ። ለሩዝ ውሃው ሲመጠጥ ነው። ሽንኩርት ሲቁላላ አትጨምሩት፣ ያርርና ይመርራል። ሑልባት መረቅ (የሐረሪዎች የአብሽ መረቅ) ላይም አይመከርም፤ የአብሹ ምሬት ይበቃዋል። ዓሣ ላይ የሎሚ ዱቄት ያምራል፣ ግን የሚኮመጥጠው ጭማቂው ስለሆነ ሎሚውንም ጭመቁበት።